የአያ ጥጋቡ ፖስተሮች ሲመረመሩ

በገዛ ንብረቱ ላይ እውነቱን የሚናገር ሰው እስካሁን አልተወለደም! ተወልዶም ከሆነ በጎንደር በኩል አላለፈም።

አላመናችሁኝም አይደል? እንግዲያው ዛሬውኑ ሞክሩት። አንዱ ወዳጃችሁ እራት ይጠራችሁና፣ «ምን ቤት አለኝ ብላችሁ ነው... ያቺው ደሳሳ ጎጆ ናት» ይላችኋል። እናንተም የዋህ ሆናችሁ፣ «እውነትህን ነው፣ ደሳሳ ናት፤ ጣራዋም ያፈሳል፤ በሩም ተንጋዷል» በሉት። ከዚያ በኋላ እራቱን ከበላችሁ እኔን ውሸታም በሉኝ! ሰውዬው ቤቱን ያጣጣለው እናንተ እንድታሞግሱለት እንጂ እንድታግዙት መች ሆነና? ማጣጣሉን ራሱ ይችልበታል፤ ረዳት አልጠየቀም።

ይህን ጥበብ የቀሰምኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በደርግ ጊዜ ጎንደር ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሳለሁ፣ አያ ጥጋቡ ከሚባሉ ሽማግሌና ከሃያ ሦስት አሮጌ የፊልም ፖስተሮች ነው የተማርኩት። ትምህርቱ አንድ ሳምንት ፈጀ። ከሥራዬ ሊያስባርረኝም ትንሽ ነበር የቀረው።

የንብረት ክፍል ሥራ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳችሁ። በዓለም ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ለእኛ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጥሩ፣ ያገለገለ እና የማያገለግል። ወንበር ብትሉ፣ ጠረጴዛ ብትሉ፣ አካፋ ብትሉ... ከሦስቱ አያመልጥም። ልማድ ሆኖብኝ ቤቴም ስገባ ባለቤቴን ሳይቀር በዚያ ዓይን አያት ነበር። «ምን ታፈጥብኛለህ?» ትለኛለች። «ኧረ ምንም!» እላለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ያሰብኩትን ብነግራት ኖሮ የዚያን ዕለት የማያገለግል የሚባለው እኔው ነበርኩ።

የእኔ ሥልጣን ምልክት ደግሞ አንድ ክብ ማህተም ነበር። የመሳቢያው ቁልፍ ከኪሴ አይለይም። በዚያ ዘመን ባለ ማህተም መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ግን ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ኬላውን ሁሉ አስከፍቶ ያሳልፋል። ባለጉዳይ ማህተሙ ደብዘዝ ካለበት፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ደህና አድርገህ ምታልኝ» እያለ ከበር ይመለስ ነበር። እኔም ቀለሙን ጨመር አድርጌ፣ ትንፋሼን እፍ ብዬ፣ ደህና አድርጌ እመታለሁ።

ወደ አያ ጥጋቡ እንምጣ። ፒያሳ ካለው ሲኒማ ቤት ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ፖስተር ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ፖስተር በሙጫ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ዝናብ ሲያወርደው ይተወዋል። እሳቸው ግን በስፒል ብቻ ይሰቅሉና፣ ፊልሙ ሲያበቃ ስፒሉን አንድ በአንድ ነቅለው፣ በነጠላቸው አቧራውን አራግፈው፣ አጥፈው ያስቀምጣሉ። የገበያ ቀን ሲሆን ፖስተሩን በሁለት ዘንግ ወጥረው ማክሰኝት ድረስ ይወርዱ ነበር። እህል ሊሸጥ የመጣው ሁሉ እህሉን ረስቶ ይከባቸዋል። ሲኒማ ቤቱ ተወርሶ በእኛ መሥሪያ ቤት ሥር ሲገባ፣ አያ ጥጋቡም ከነፖስተሮቻቸው አብረው ተወረሱ።

ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የመግቢያ ገንዘብ ስለማይኖረኝ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተገትሬ፣ ፖስተሩን እያየሁ ፊልሙን በሐሳቤ እሠራው ነበር። አንድ ቀን አንገቴን ያዙና፣ «ምነው እዚህ ትደርቃለህ? ግባ!» ብለው ገፍተው አስገቡኝ። የገባሁበት ፊልም እኔ በሐሳቤ ከሠራሁት ያነሰ ነበር፤ ውለታው ግን እስከ ዛሬ አለብኝ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ከላይ ሰርኩላር መጣ። በየሲኒማ ቤቱ መጋዘን ያሉ አሮጌ የፊልም ፖስተሮች ሁኔታቸው ይመርመር፤ ጥሩ የሆኑት በማህተም ተረጋግጠው ለወዳጅ አገር ሰብሳቢዎች እንዲሰጡ ወደ አዲስ አበባ ይላኩ፤ የማያገለግሉት ተወግደው መጋዘኑ ይለቀቅ ይላል። አሮጌ ፖስተር የሚሰበስብ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኃላፊያችን ጓድ አስፋው ግን ምንም አልገረማቸውም።

«የጎንደር ፖስተር ከክፍለ ሀገሩ ሁሉ አንደኛ መውጣት አለበት!» አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው።

ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይሆን አያ ጥጋቡ ጆሮ ደረሰ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«እውነት ነው ወይ፣ ደምሴ? ሊወስዷቸው ነው?»

«ጥሩ የሆኑትን ነው፣ አያ።»

«እንግዲያው ሁሉንም ነዋ!» አሉ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። ሚስታቸው ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅም አልወለዱም። ማታ ማታ ከመጋዘኑ ገብተው ፖስተሮቹን አንድ በአንድ እየዘረጉ ሲያወሩ ዘበኛው ብዙ ጊዜ ሰምቷቸዋል። «እነሱ ከሄዱ እኔ ከማን ጋር አመሻለሁ?» አሉኝ።

ሰርኩላሩን እንደገና ከላይ እስከ ታች ሳነበው መውጫ ቀዳዳ አገኘሁ! የማያገለግል ዕቃ በልማዳችን መሠረት «አነሣዋለሁ» ላለ ሠራተኛ በፊርማ ይለቀቃል። ብዙ አንድ እግር የጎደላቸው ወንበሮች እንዲህ ሆነው ነው በየሠራተኛው ቤት አራተኛ እግር ያበቀሉት።

«አያ፣ ይስሙኝ» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «መርማሪው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስቱንም የማያገለግሉ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ። ፖስተሮቹ በእርስዎ እጅ የተያዙ ስለሆኑ አብረው ይፈርሙበታል። ከዚያ ተሸክመው ቤትዎ! አለቀ።»

ግንባሬን ሳሙኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የነገሩ ሁሉ መጨረሻ ይኸው መስሎኝ ነበር።

ጓድ አስፋው ግን ሥራው በእውቀት ይሁን ብለው፣ ማክሰኞ ዕለት ሆስፒታል ከሚሠራ አንድ የወዳጅ አገር ሐኪም ዘንድ ላኩኝ። አገሩን አልጠራም፤ ቢጠራም ዛሬ ካርታ ላይ አታገኙትም። ዶክተሩ ራሱ ፖስተር ሰብሳቢ ኖሯል! ረጅም፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ግን ከበሽተኞቹ ብቻ ስለሆነ ከሕመም ውጪ ያለ ነገር መናገር አይችልም። «እርስዎ» የሚባለው ነገር ላይም ገና አልደረሰም።

አንዱን የራሱን ፖስተር ከጥቅሉ እያወጣ፣ «ልብሱን እናውልቅ» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «አሁን የት የት ነው የሚያመው?»

እኔ የሚያመው ቦታ አላየሁም። እሱ ግን ያያል! አመራመሩንም በእጁ እያሳየ እንዲህ አስተማረኝ፦ መጀመሪያ እጅህን በሳሙና ታጠብና አድርቅ። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን ፊት አንሣው፤ የስፒል ቀዳዳ ሁሉ ይበራልሃል፤ ቁጠር። እጥፋቱን በጣትህ ሳይሆን በዓይንህ ተከተል። ቀለሙ በፀሐይ መደብዘዙን ከጠርዙ ጋር አስተያይ። ጀርባውን አገላብጠህ ፕላስተር ተለጥፎበት እንደሆነ ፈልግ፤ ፕላስተር ያለበት ቦታ ቁስል ተደብቋል ማለት ነው። አራቱንም ጥግ ተመልከት። በመጨረሻም ጣቱን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቶ፣ «በእስክርቢቶ እንዳትጽፍበት! ቁጥር የለም! ስም የለም! አደገኛ ነው!» አለኝ።

ማልኩለት። ልብ በሉልኝ፣ የተነገረኝ ስለ እስክርቢቶ ነው።

ረቡዕ ጠዋት እጄን በሳሙና ታጥቤ ከመጋዘኑ ገባሁ። አያ ጥጋቡ እሳቸውም ታጥበው፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ይጠብቁኛል። አንዱን ጥግ እሳቸው፣ አንዱን ጥግ እኔ ይዘን የመጀመሪያውን በመስኮቱ ፊት አነሣነው። የሕንድ ፊልም ነው፤ አንዲት ቆንጆ በወንዝ ዳር ተቀምጣለች።

«እጥፋት... አራት ቦታ» አልኩና ቅጹ ላይ ልጽፍ እስክርቢቶዬን አነሣሁ።

«ቆይ እስቲ!» አሉ አያ ጥጋቡ። «ታጥፎ በፖስታ ነው የመጣው። አንተስ ከናትህ ሆድ ቀጥ ብለህ ነው የወጣኸው?»

ሣቅሁ። ስምምነታችንን ረስተውት ነው ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳቸው። «ቀለሟም ደብዝዟል።»

«የማን ቀለም?»

«የሴትዮዋ።»

«እሷ ናት የደበዘዘች?! ምነው ደምሴ፣ ዓይንህን በሳሙና ባለመታጠብህ ነው! ይችን የመሰለች ሸጋ!»

እሺ ይሁን፣ በሁለተኛው እንካሳለን ብዬ አለፍኩ። ሁለተኛው የካውቦይ ፊልም ነው። ፈረሰኛው ሽጉጡን ደግኗል፤ የግራው ጥግ ግን የለም፤ ከፈረሱ የኋላ እግር ጋር አብሮ ሄዷል። ደስ አለኝ። ይህን እንኳ ማንም አይከራከርም!

«ጥጉ ጎድሏል» አልኩ።

«ማክሰኝት ገበያ ላይ አህያ በልታው ነው።»

«ይሁን አያ፣ ያው ጎደሎ ነው።»

«ስማ ልጄ፣ ያን ቀን ገበያው ውስጥ ስንት ወረቀት ወድቆ ነበር መሰለህ? የስኳር ወረቀት አለ፣ ጋዜጣ አለ... ሁሉን ትታ ይህን መርጣ የበላች አህያ ወረቀት ታውቃለች!»

እናንተ ፍረዱኝ። እዚህ ላይ ምን ይባላል? ቅጹ ላይ «በአህያ የተመረጠ» ብዬ አልጽፍ!

ሦስተኛው ላይ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት አሥራ አራት የስፒል ቀዳዳ ቆጠርኩ። አያ ጥጋቡ ጠጋ ብለው እያንዳንዱን በጣታቸው ሳይነኩ ያሳዩኝ ጀመር። እነዚህ አራቱ ፒያሳ የተሰቀለ ጊዜ፤ እነዚህ ማክሰኝት፤ እነዚህ ደግሞ በጭነት ማኪና አዲ አርቃይ ወርደው፣ ፊልሙ በነጭ አቡጀዲ ላይ ሲታይ ሕዝቡ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያየ ጊዜ... «አሥራ አራተኛዋ የምን ናት?» አልኳቸው ሳላስበው። «እሷ?» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እሷ ቤቴ ናት። ባለቤቴ ታማ ሲኒማ መምጣት ያቃታት ጊዜ አልጋዋ ፊት ሰቅዬላት ነበር።»

ዶክተሩ ስለዚህ ዓይነቱ ቀዳዳ አላስተማረኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስምንተኛው ላይ ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና፣ «አያ ጥጋቡ! ይፈልጓቸዋል ወይስ አይፈልጓቸውም?» አልኩ።

«እፈልጋቸዋለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የማያገለግሉ ናቸው ይበሉኝና ይፈርሙ!»

ወደ ቆንጆዋ ዞሩ። አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱ። «የማ... የማያ...» አሉ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። እመኑኝ፣ የሰው ልጅ አንዲት ቃል ለማውጣት እንዲያ ሲጨነቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። በመጨረሻ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ቁጭ አሉ።

«አፌ እንቢ አለኝ፣ ደምሴ። ተሰድበው እኔ ቤት ከሚቀመጡ ተከብረው ይሂዱ። ጻፍ። ሃያ ሦስቱንም እጅግ በጣም ጥሩ ብለህ ጻፍ።»

ለመንኳቸው። ተቆጣኋቸው። በማርያም አልኳቸው። አልሆነም! ያለ እሳቸው ፊርማ ቅጹ አይሞላም፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈርሙት ለ«እጅግ በጣም ጥሩ» ብቻ ነው። ጻፍኩ። ፈረሙ።

እንግዲህ ነገሩ ካልቀረ በክብር ይሂዱ ብዬ መሳቢያዬን ከፈትኩና ማህተሜን አወጣሁ። ቅጹን መታሁት። ግን ቅጹና ፖስተሮቹ መንገድ ላይ ቢለያዩስ? አዲስ አበባ ያለው ሹም እነዚህ በወጉ የተመረመሩ መሆናቸውን በምን ያውቃል? ሰርኩላሩስ «በማህተም ተረጋግጠው» ይል የለም? ወረቀት የሚከበረው በምንድን ነው? አዎ... እናንተም ገባችሁ።

አዲስ ሐምራዊ ቀለም ጨመርኩ። ትንፋሼን እፍ አልኩበት። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ቦታ የት ነው ብዬ መረጥኩና፣ ቆንጆዋን ጉንጯ ላይ ደህና አድርጌ መታኋት። ጥርት ብሎ ወጣ! አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለም። አያ ጥጋቡ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከወንበራቸውም ተነሡ።

«እሱን ደግሞ እዚህ ጋ ምታው፣ ደረቱ ላይ፣ ይታይ!» ይሉኛል ካውቦዩን እያሳዩኝ። «ይኸውልህ፣ አሁን ገና ወግ ደረሳቸው!»

ሃያ ሦስቱንም መታን። ግንባር ላይ፣ ሰማይ ላይ፣ ፈረስ ላይ፣ አንበሳ አፍ ውስጥ ሳይቀር... በእስክርቢቶ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አላኖርኩም። መሐላዬን ጠብቄአለሁ።

ዓርብ ጠዋት ፖስተሮቹ በረጅሙ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ጓድ አስፋው ክራቫት አሥረው ከራስጌው ቆሙ። አያ ጥጋቡ ከጥግ ናቸው፤ ሊሰናበቷቸው ነው የመጡት። ዶክተሩ የመጨረሻውን ምርመራ ሊያደርግ ገባ፤ እጁን ታጠበ፤ አደረቀ፤ አጉሊ መነጽሩን አወጣና የመጀመሪያዋ ላይ ጎንበስ አለ። ዝም። ሁለተኛው ላይ ጎንበስ አለ። አሁንም ዝም። በአድናቆት ነው ብዬ ለአያ ጥጋቡ ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

«ይህ ነገር...» አለ ዶክተሩ ሐምራዊውን ክብ በጣቱ እያሳየ፣ «ይህ ነገር የወጣባት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረቡዕ ጀምሮ!» አልኩ።

«ሌሎቹስ? ተዛምቷል?»

«ሁሉም ላይ አለ! አንድም የቀረ የለም!» ደረቴን ነፋሁ። «እኔ ነኝ በገዛ እጄ!»

ዶክተሩ ወንበር ፈለገና ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ተነሣና ጥጥ በውኃ ነክሮ የቆንጆዋን ጉንጭ ጠረግ አደረገው። ቀለሙ ከመልቀቅ ይልቅ እስከ አንገቷ ወረደ፤ ጥርሷን ያመማት መሰለች። ጥጡን አስቀመጠ፤ መነጽሩን አወለቀ።

«አይድኑም» አለ።

«ምንድን ነው የማይድነው?» አሉ ጓድ አስፋው።

«ፖስተር። ሰብሳቢ ሰው ይህን አይወስድም። ማህተም ገደለው።»

ሃያ ሦስት የመንግሥት ንብረት በገዛ እጄ ገድዬ፣ በገዛ አፌ «እኔ ነኝ» ብዬ ተናግሬአለሁ! ጓድ አስፋው ግን እኔን አላዩኝም። የሰሙት ሌላ ነገር ነው።

«ማህተም... ገደለው?» አሉ ቃል በቃል እየረገጡ። «የመንግሥት ማህተም ነው ያበላሸው እያሉኝ ነው፣ ዶክተር?»

ያን ጊዜ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ ይህ በሰው ፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም፤ የሚመለስም አልነበረም። እኔ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። አያ ጥጋቡ ሳላቸው መጣ። ዶክተሩ አንዴ ጓድ አስፋውን፣ አንዴ እኔን አየ። አገሩ እንደ እኛው ማህተም የሚበዛበት ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ገባው።

«አይ፣ አይ!» አለ ሁለት እጁን እያወዛወዘ። «ማህተም በጣም ጤነኛ ነው! በጣም ጠንካራ! ወረቀት ነው ደካማው። አልቻለውም።»

ጓድ አስፋው በረጅሙ ተነፈሱ። «እንደዚያ ከሆነ ደህና። ደካማ ወረቀት ለወዳጅ አገር አንልክም! ደምሴ፣ ጻፍ! ሃያ ሦስቱም የማያገለግሉ። በአስቸኳይ ይወገዱ፤ መጋዘኑ ይለቀቅ።»

እንደዚያን ቀን በፍጥነት ጽፌ አላውቅም። ቅጹን አስፈርሜ፣ መልቀቂያውን ሞልቼ፣ አያ ጥጋቡን በክንዳቸው ይዤ ፖስተሮቹን ግማሹን እኔ ግማሹን እሳቸው ተሸክመን ከግቢው ወጣን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከሥራዬ አልተባረርኩም፤ ሽማግሌው ፖስተሮቻቸውን አገኙ፤ ዶክተሩም አላኮረፈኝም። አንዲት ክፍል ቤታቸው ገብተን እስኪመሽ ስንሰቅል ዋልን። አሥራ አራት ቀዳዳ ያለውን አልጋቸው ፊት ሰቀልነው፤ አዲስ ቀዳዳም አላስፈለገውም፣ በድሮዎቹ ገባ። ግድግዳው አልበቃ ብሎ ካውቦዩን በሩ ላይ አደረግነው።

ምስጋና ጠበቅሁ፤ ሰው አይደለሁ? አያ ጥጋቡ ግን ከመንገድ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ ቁጭ አሉና፣ «ያ ፈረንጅ» አሉ፣ «ሐኪም ነኝ ይላል እንጂ የራሱን ዓይን መታየት አለበት።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማመልከቻ ተቀምጦ አገኘሁ። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ባንዱ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። ለጓድ አስፋው ይላል። ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ የማያገለግሉ ስለተባሉብኝ ሃያ ሦስት ፖስተሮች። አመልካች ጥጋቡ፣ ንብረቶቹ የመንግሥት ማህተም ያረፈባቸው ሆነው ሳለ የማያገለግሉ መባላቸው ማህተሙንም መንካት ስለሆነ፣ እንደገና ተመርምረው እጅግ በጣም ጥሩ እንዲባሉላቸው በትሕትና ያመለክታሉ!

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህ ማመልከቻ ኮሪደሩን ተሻግሮ ጓድ አስፋው ጋ ቢደርስ፣ ፖስተሮቹ እስከ ምሳ ሰዓት ወደ መጋዘን ተመላሽ ናቸው፤ እኔም የት እንደምላክ እግዜር ይወቅ። ከመዝገብ ሳይገባ፣ እንደተማርኩት በመስኮቱ ብርሃን ፊት አነሣሁትና መረመርኩት። ቀዳዳ የለው፣ እድፍ የለው፣ አራቱም ጥግ ሙሉ... እጅግ በጣም ጥሩ! ግራ ቀኙን ቃኘሁና አራት ቦታ ቀደድኩት።

ከዚያ ወዲህ አያ ጥጋቡ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ፒያሳ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ያስቆሙኝ ነበር።

«ደምሴ፣ ማመልከቻዬ ከምን ደረሰ?»

«ገና አልተወሰነም፣ አያ።»

«ግድ የለም፣ አይቸኩሉ በላቸው» ይላሉ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። «በደንብ አይተው ይወስኑ። እኔ የትም አልሄድ፣ እነሱም የትም አይሄዱ!»